ኪስማዮን ለሦስት መካፈል፦ ስለ ሶማሊያ ታጣቂዎች ጥምረት የወሰድኩት የኦንላይን ኮርስ

ሥራዬ ትርጉም ነው። ያደግኩት ጅግጅጋ ነው። አሁን አዲስ አበባ ሆኜ የሶማሊኛና የእንግሊዝኛ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። አብዛኛው የእርዳታ ድርጅቶች ሪፖርት ነው፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ዜና ይመጣል። በዚህ ሥራ አንድ ነገር ሁሌም ያበሳጨኛል። ሶማሊያ ውስጥ የተተኮሰ ጥይት ሁሉ እኛ ጋ ሲደርስ የአልሸባብ ይሆናል። በ2009 የደቡብ ሶማሊያ ወደብ በሆነችው ኪስማዮ ላይ ከአልሸባብ ጋር ሲታኮስ የነበረውም አልሸባብ ይባላል። መካከለኛው ሶማሊያ ባለችው ጉሪኤል ላይ አልሸባብን ያባረረው የሱፊዎች ታጣቂም ከዚያው ጎራ ይደመራል። እዚያ አገር ወታደሮቻችን ሞተዋል። ሶማሌዎቹም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ማን ከማን ጋር እንደቆመና ለምን እንደተለያየ ማወቅ የሚገባን ሰዎች ነን።

ስለዚህ አንድ የማውቀው ጋዜጠኛ የዚህን ኮርስ ማስታወቂያ በቴሌግራም ሲልክልኝ ወዲያው ተመዘገብኩ። ኮርሱን የሚሰጠው ናይሮቢ ያለ አነስተኛ የሥልጠና ተቋም ነው። የሚያስተምረው በሶማሊያ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ እስላማዊ አንጃዎች ከ2006 ጀምሮ እንዴት እንደተጣመሩና እንደተበተኑ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ስድስት ክፍለ ጊዜ አለው። ሁሉም ቅዳሜ ከሰዓት በዙም ነው። ዋጋው 60 ዶላር ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ሆኖ መምህሩ ሲሞቃቸው ወደ ሶማሊኛ ይገባሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ለሁሉም ያስረዳሉ።

ክፍያው ላይ አስቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ። ከአገር ውስጥ በካርድ መክፈል ለብዙዎቻችን የማይሆን ነገር ነው። እኔ የአጎቴ ልጅ ከሚኒያፖሊስ ከፈለችልኝ። ውጭ ዘመድ የሌለው ሰው ግን ምን ያድርግ? ተቋሙ ሌላ አማራጭ አላዘጋጀም። ኮርሱን በጣም የሚፈልገው ሰው የሚኖረው እዚሁ አፍሪካ ቀንድ ውስጥ ሆኖ ሳለ ይህ መስተካከል አለበት።

መምህሩ የሞቃዲሾ ሰው ናቸው፣ በዕድሜም ጠና ያሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። ስለ ማንም ክፉ ሲናገሩ አልሰማሁም። የማስተማር ዘዴያቸው ግን ቆራጥ ነው። አንድ ጥምረት በተነሳ ቁጥር ስለ እምነቱ ከማውራታችን በፊት ሦስት ነገር እንድንመልስ ያደርጉናል። የጋራ ጠላታቸው ማን ነው? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ሲያሸንፉ ከንቲባውን የሚሾመው ማን ነው? መጀመሪያ ላይ ቀላል መስሎኝ ነበር። ከሦስተኛው ቅዳሜ በኋላ ግን ሪፖርት ሳነብ ራሴም በዚህ መንገድ ማንበብ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ፍርድ ቤቶቹ ኅብረት ነው። ይህንን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ሞቃዲሾ ውስጥ በየሰፈሩና በየጎሳው የተቋቋሙ የሸሪአ ፍርድ ቤቶች ነበሩ። የኬላ ቀረጥ ያማረራቸው ነጋዴዎች ደገፏቸው። የጦር አበጋዞቹ በአሜሪካ ድጋፍ የራሳቸውን ጥምረት ሲፈጥሩ ፍርድ ቤቶቹም ተባበሩ፣ በ2006 ጁን ላይም ዋና ከተማዋን ያዙ። ከፊት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ለዘብ ያለው ሼክ ሸሪፍ ሼክ አህመድ ነው። ሌላው ሼክ ሀሰን ዳሂር አዌይስ ነው፣ በ1977ቱ ጦርነት በሶማሊያ ጦር ውስጥ ተዋግቶ የተሸለመ የቀድሞ ኮሎኔል። አዌይስ ከዚያ በፊት የአል ኢቲሃድ አል ኢስላሚያ የጦር መሪ ነበር። አል ኢቲሃድን ደግሞ እኛ በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ ከደረሱት ጥቃቶች እናውቀዋለን። በ1996 በሚኒስትሩ ዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን ላይ የተሞከረውን ግድያ ኃላፊነት የወሰደው ይኸው ድርጅት ነበር። መምህሩ ይህንን አልዘለሉትም። አመስግኛቸዋለሁ።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የኢትዮጵያ ጦር የገባበት ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን 1999 በእኛ አቆጣጠር፣ ሞቃዲሾ ያለ ብዙ ውጊያ ተያዘች። ኅብረቱ በቀናት ውስጥ ፈረሰ። የሸሹት መሪዎች በ2007 ሴፕቴምበር አሥመራ ላይ ተሰብስበው ሶማሊያን ዳግም ነፃ ለማውጣት የሚል ጥምረት መሠረቱ። እዚህ ጥምረት ውስጥ ሼኮቹ ብቻ አልነበሩም። የቀድሞ አፈ ጉባኤ፣ የምክር ቤት አባላትና ከዲያስፖራው የመጡ ሰዎችም ነበሩ። የፍርድ ቤቶቹ የወጣቶች ክንፍ የነበረው አልሸባብ ግን አልገባም። ከሃይማኖት ውጭ ከሆኑ ፖለቲከኞች ጋር አንድ ወንበር መቀመጥን ነቀፈ። መሬት ላይ የሚዋጋው በብዛት እሱ ስለነበር ያለ እነሱ የሚበረታበት ምክንያት ነበረው። መምህሩ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለው ጠየቁን፤ ጠላቱ አንድ ሆኖ ሳለ ለምን አንድ አልሆኑም? መልሱ እስከ አራተኛው ቅዳሜ ድረስ ሙሉ አልሆነልንም።

ሦስተኛው ላይ ጥምረቱ ለሁለት ይሰነጠቃል። በ2008 ጅቡቲ ላይ ሼክ ሸሪፍ ኢትዮጵያ ትደግፈው ከነበረው የሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ጋር ተስማማ። አዌይስ አሥመራ ቀረ። በ2009 ጃንዋሪ ጦራችን ወጣ፣ ባይደዋ በአልሸባብ እጅ ወደቀች፣ በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ ሼክ ሸሪፍ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። የትናንቱ የአማፂያን መሪ የዛሬ ፕሬዚዳንት ሆነ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ይህንን ዜና ሲሰማ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ወዲያው በፌብሩዋሪ ግን አራት ቡድኖች ተዋሕደው ሂዝቡል ኢስላም ተወለደ። የአዌይስ የአሥመራው ክንፍ፣ ጃብሃቱል ኢስላሚያ፣ የሀሰን አል ቱርኪ ራስ ካምቦኒ ብርጌድና ሙአስከር አኖሌ ነበሩ። አዌይስ ከአሥመራ ተመልሶ ሊቀመንበር ሆነ። በሜይ ከአልሸባብ ጋር አብረው ሞቃዲሾ ላይ የሸሪፍን መንግሥት ሊጥሉ ተቃርበው ነበር። ኤርትራ ታጣቂዎችን ትረዳለች ተብላ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 1907 ማዕቀብ ተጣለባት።

እዚህ ጋ የመጀመሪያው ቅሬታዬ ይመጣል። የእነዚህ አራት ቡድኖች ሰንጠረዥ በጣም ደቃቅ ፊደል ነው። በስልክ የሚከታተል ሰው ምንም አያነብም፣ ግማሹ ተማሪ ደግሞ በስልክ ነበር የሚከታተለው። ይህንን ሰንጠረዥ የማያነብ ሰው አራተኛውን ክፍለ ጊዜ ለመከተል ይቸገራል። ቅጂውን በፒዲኤፍ ስንጠይቅ የመጣው በማግስቱ ነው።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ ግን ብቻውን 60 ዶላሩን ያወጣል። ሙሉው ስለ ኪስማዮ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ2008 ኦገስት ሦስት ኃይሎች ተባብረው ኪስማዮን ያዙ፤ አልሸባብ፣ ራስ ካምቦኒና አኖሌ። ከተማዋ ወደብ ናት። ስኳርና ሸቀጥ ይገባባታል፣ ከሰል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይወጣባታል። ሦስቱ አስተዳደሩን በየስድስት ወሩ ሊፈራረቁ ተስማሙ። የመጀመሪያው ተራ ለአልሸባብ ደረሰ። ጊዜው ሲያልቅ አለቀቀም። በ2009 ሴፕቴምበር ጭራሽ ሌሎቹን ያላካተተ አስተዳደር ሾመ። ኦክቶበር 1 ቀን ውጊያ ተነሳ፣ ራስ ካምቦኒም ከከተማዋ ተባረረ። የሚገርመው በዚያው ሳምንት ሂዝቡል ኢስላምና አልሸባብ ሞቃዲሾ ላይ አሁንም በአንድ ወገን ነበሩ። ደቡብ ላይ ይገዳደላሉ፣ ዋና ከተማው ላይ አብረው ይዋጋሉ።

መምህሩ ይህንን ከማስተማራቸው በፊት ልምምድ ሰጡን። ክፍሉን ለሦስት ከፍለው አንዳንዱን ቡድን አንድ አንጃ አደረጉ። የወደቡን ውል ጻፉ አሉን። እኔ የደረሰኝ አኖሌ ነበር። አብሮኝ አንድ የኬንያ ጠበቃና ከሐርጌሳ የገባች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። ጠበቃው በውል ጎበዝ ነው። ገቢውን በመቶኛ አከፋፈለ፣ የፈረቃ ቀን አስቀመጠ፣ ክርክር ሲነሳ በሸሪአ ዳኛ ይፈታ የሚል አንቀጽ ጨመረ። ሁላችንም ረካን። ከዚያ የአልሸባብ ቡድን ሆነው የተቀመጡት ልጆች አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ዳኛውን የሚሾመው ማን ነው? ክፍሉ ዝም አለ። ሦስቱም ሸሪአን ይቀበላሉ። ሦስቱም የየራሳቸው ዳኛ አላቸው። የማን ዳኛ እንደሚፈርድ የሚወስነው ብዙ ጠመንጃ ያለው ነው። ጠበቃው ሌላ አንቀጽ ሊፈልግ ብዙ ደከመ፣ አላገኘም።

እኔ ከዚህ ኮርስ የያዝኩት ዋናው ነገር ይህ ነው። እነዚህን ሰዎች የጋራ እምነት ያቀራርባቸዋል፣ ጠላትም ያስተባብራቸዋል። ቀረጡን ማን ይሰበስባል፣ ማን ይሾማል የሚለው ካልተፈታ ግን አንድ ወቅት አይሻገሩም። ይህ ደግሞ የቁጥር ማስረጃ አለው። የተባበሩት መንግሥታት የክትትል ቡድን በ2011 ሪፖርቱ አልሸባብ ከኪስማዮና ከሌሎች ሁለት ትናንሽ ወደቦች በዓመት ከ35 እስከ 50 ሚሊዮን ዶላር ይሰበስባል ብሎ ገምቷል። ለዚህ ገንዘብ ሲባል ነው የትናንት ወንድማማቾች የተታኮሱት። "አክራሪ ናቸውና ይተባበራሉ" የሚለው የዜና ክፍላችን ሐሳብ እዚህ ላይ አይሠራም።

ቀጥሎ ያለውን መምህሩ በፍጥነት አለፉት፣ እኔም ላሳጥረው። ራስ ካምቦኒ ለሁለት ተከፈለ። አል ቱርኪ በ2010 ፌብሩዋሪ አልሸባብን ተቀላቀለ። አህመድ ማዶቤ አሻፈረኝ አለ። ማዶቤን ልብ በሉት። በፍርድ ቤቶቹ ዘመን የኪስማዮ ገዥ ነበር። ቆስሎ ተይዞ ኢትዮጵያ ውስጥ ታሰረ። ከተለቀቀ በኋላ በሸሪፍ ፓርላማ ገባ፣ ትቶም ወደ ጫካ ተመለሰ። ከዚያ ከኬንያ ጦር ጋር ቆሞ በ2012 ሴፕቴምበር መጨረሻ አልሸባብን ከኪስማዮ አስወጣ። በ2013 ኪስማዮ ያለችበት የጁባላንድ ክልል ፕሬዚዳንት ሆነ። ያንን ከተማ አልሸባብ በወዳጅነቱ ጊዜ አካፍሎት ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

እዚህ ላይ ከመምህሩ ጋር ያልተስማማሁበትን ልናገር። ጎሳን በጣም ተጠነቀቁት። ተማሪው ከየቦታው ስለሆነ ማንንም ላለማስቀየም ብለው እንደሆነ ይገባኛል። ግን ኪስማዮን ያለ ጎሳ ማስተማር አይቻልም። አኖሌ በብዛት ሀርቲ ነው። ራስ ካምቦኒ በብዛት ኦጋዴን ነው። ኦጋዴን ደግሞ እኛ ሶማሌ ክልልም፣ ኬንያ ጋሪሳም አለ። ኬንያም ኢትዮጵያም ማዶቤን ለምን እንዲያ እንደተመለከቱት ያለዚህ አይገባም። በጥያቄ ሰዓት አነሳሁት። መምህሩ በአክብሮት መለሱልኝ፣ መልሱ ግን ሁለት ደቂቃ ነበር። ሙሉ ሰዓት ይገባው ነበር።

አምስተኛው ክፍለ ጊዜ የሂዝቡል ኢስላም መጨረሻ ነው። በ2010 ዲሴምበር አልሸባብ የቡርሃካባን ከተማ ከነጠቃቸው በኋላ አዌይስ እጁን ሰጠ። በወረቀት ላይ ውሕደት ተባለ። ሽማግሌው ሼክ ከሱ በዕድሜ በጣም በሚያንሰው በአልሸባብ መሪ በአህመድ አብዲ ጎዳኔ ሥር ገባ። ከዚያ ደግሞ ውስጥ ለውስጥ ሌላ ስንጥቅ ነበር። በ2010 የረመዳን ዘመቻ ሞቃዲሾ ላይ ብዙ ያለቁት የደቡብ ምዕራብ ሶማሊያ የባይና የባኮል ልጆች ስለነበሩ የዚያው አካባቢ ሰው የሆነው የአልሸባብ አዛዥ ሙክታር ሮቦው ከጎዳኔ ጋር ተቃቃረ። በ2011 ረሃቡ መጣ። እርዳታ ይግባ፣ አይግባ በሚለው ላይም ተጣሉ። ይህንን ክፍል ስሰማ ከበደኝ። የዚያን ዓመት ሪፖርቶች አውቃቸዋለሁ። በዚያ ረሃብ ወደ 260,000 ሰው እንደሞተ በኋላ የተደረገው ጥናት ገምቷል፣ ግማሹ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ነው። አዛዦቹ ስለ ሥልጣን ሲሻኮቱ እህል የጫነ መኪና መንገድ ላይ ይቆም ነበር።

በ2013 ጁን ጎዳኔ የገዛ ጓዶቹ ላይ ዞረ። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ኢብራሂም አል አፍጋኒ ተገደለ። አዌይስ ሸሽቶ መጨረሻው በመንግሥት እጅ መያዝ ሆነ። ሮቦው ወደ ትውልድ አካባቢው ገባ፣ በ2017 ከድቶ ወጣ፣ በ2018 ታሰረ፣ በ2022 የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስትር ሆነ። ጎዳኔ ራሱ በ2014 ሴፕቴምበር በአሜሪካ የአየር ጥቃት ሞተ።

ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው ያሳዘነኝ። ከአልሸባብ ውጭ ያሉትን ሁሉ አንድ ላይ አጨቁት። በ2015 ለአይሲስ ቃል የገባው የአብዱልቃድር ሙሚን ቡድንና አህሉ ሱና ወልጀመዓ በአንድ ሰዓት ተኩል አለቁ። አህሉ ሱና እኮ ለእኛ በጣም ቅርብ ታሪክ ነው። ለዘመናት በሰላም የኖሩ የሱፊ ሰዎች ናቸው። አልሸባብ የሼኮቻቸውን መቃብር ሲያፈርስ በ2008 መሣሪያ አነሱ። ጉሪኤልንና ዱሳማሬብን ይዘው ቆዩ። የኢትዮጵያ መንግሥት ረዳቸው። ከሽግግር መንግሥቱ ጋር የተፈራረሙትም በ2010 ማርች 15 እዚሁ አዲስ አበባ፣ አፍሪካ ኅብረት ውስጥ ነው። ያ ስምምነትም በኪስማዮው በሽታ ነው የታመመው፣ ስንት ሚኒስትር ለማን የሚለው አልፈታ ብሎ። ጅግጅጋ ሳድግ የመውሊድ ሌሊት ከበሮ እየሰማሁ ነው። እነዚህ ሰዎች በመቃብር ምክንያት ጠመንጃ ማንሳታቸውን ለተማሪ በሃያ ደቂቃ ማሳለፍ ያሳዝናል።

ስለ አገልግሎቱ የቀረውን ባጭሩ። ቅጂዎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጠፋሉ። ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ሰው ይህንን አስቦ ይግባ፣ ቶሎ ያውርድ። የቴሌግራም ግሩፑ ጥሩ ነው። መምህሩ ራሳቸው ማታ ማታ ይመልሳሉ፣ ግሩፑ ውስጥ ስድብ የለም፣ ለዚህ ርዕስ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰርተፍኬት ይሰጣሉ፣ ለሥራ ማመልከቻ ምን ያህል እንደሚጠቅም ግን አላውቅም። እንግሊዝኛው መካከለኛ ለሆነ ሰው ይከብዳል ብዬ አላስብም። ሶማሊኛ የሚሰማ ሰው ደግሞ እጥፍ ይጠቀማል።

ለማን ይሆናል? ዜና ለሚሠሩ፣ ለእርዳታ ሠራተኞች፣ እዚያ ዘምቶ ለተመለሰ ወታደርና ለቤተሰቡ። ከኋለኞቹ አንድ ሰው ክፍላችን ውስጥ ነበር፣ ባይደዋ የቆየ። ብዙ አይናገርም ነበር። ኬላ ላይ የሚያያቸው ባንዲራዎች ለምን እንደሚቀያየሩ አሁን ገና ገባኝ ብሎ ጽፎልናል። ሃይማኖታዊ ክርክር ወይም የጦር መሣሪያ ዝርዝር የሚፈልግ ሰው ግን አይመዝገብ፣ የለውም።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። ለአስተባባሪዋ የፊደሉን መጠን፣ የክፍያውን ነገርና አህሉ ሱናን በሚመለከት ረጅም መልእክት ጽፌ ነበር። በቀጣዩ ዙር ለአህሉ ሱና ሰባተኛ ክፍለ ጊዜ እንደሚጨመርና ዋጋው እንደማይነካ መልሳልኛለች። በአገር ውስጥ ብር ስለመክፈል እያሰቡበት ነው። ምዝገባው ሲከፈት እዚህ አሳውቃችኋለሁ።